ድጋፉን ከድሃው ደጃፍ የሚያደርሰው ሥራ በጀት የለውም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች የመጪውን ዓመት በጀት በሚያጸድቁበት ሰሞን፣ ጋዜጣችሁን ጨምሮ በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚነሣው ጉዳይ በአብዛኛው መንገድ፣ ውኃ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ማዳበሪያ ነው። ሁሉም ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። በወሎ ገጠር ለምንኖርና የድሃውን ኑሮ በቅርብ ለምናይ ሰዎች ግን አንድ ነገር ከዓመት ዓመት ሳይነሣ ይታለፍብናል፤ እርሱም መንግሥት ለድሃ የመደበው ድጋፍ ከወረዳው ከተማ ተነሥቶ ከባለመብቱ ደጃፍ እስኪደርስ ያለውን ሥራ የሚሸፍን የበጀት መደብ አለመኖሩ ነው። እህል ይመደባል፤ ጥሬ ገንዘብ ይመደባል፤ መክፈል የማይችል ሰው በነፃ እንዲታከም ይፈቀዳል። አቅመ ደካማውን የሚያስመዘግበው፣ ቅሬታውን የሚጽፍለት፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ክፍያው ሲቀር ስለ እርሱ የሚጠይቀው ሰው ግን ሁሉንም ከኪሱ እያወጣ እንዲሠራ ይጠበቃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ መንግሥት ለእንዲህ ያለው የአካባቢ አገልግሎት መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም በየዓመቱ የማይቋረጥና በሕግ የታወቀ ድጎማ ሊመድብ ይገባል የሚለውን ሐሳቤን ለአንባቢያንና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ለማቅረብ ነው።

ነገሩን ከልማታዊ ሴፍቲኔት መጀመር ይሻላል፤ በእኛ አካባቢ የድሃ ድጋፍ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እርሱ ነውና። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ድርቅ በመጣ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ፣ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ምግብ እንደሚያጥራቸው አስቀድሞ የሚታወቁ ቤተሰቦች በታወቀ ጊዜ የታወቀ ድጋፍ እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን እየታሰበበት እርከን ይሠራል፣ የተራቆተ ተራራ ይከልላል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፤ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይቀበላል። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ነው። በወሎ ተራሮች ላይ የሚታየው እርከንና እንደገና ያቆጠቆጠው ደን የዚህ ሥራ ፍሬ ጭምር መሆኑን መካድ ንፉግነት ነው።

ችግሩ ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ወቅቱ ነው። የማህበረሰብ ሥራውና ክፍያው የሚታሰበው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ይህም የሆነው ገበሬውን በእርሻ ወቅት ከማሳው ላለማስወጣት በመታሰቡ ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን የአብዛኛው ድሃ ጎተራ የሚራቆተው ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም፣ ማለትም ሥራውም ክፍያውም ካበቃ በኋላ ነው። በለጋምቦ፣ በደላንታ፣ በደሴ ዙሪያና በግዳን ደጋዎች ደግሞ ኑሮው በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ የካቲትና መጋቢት ሳይዘንብ ካለፈ በክረምቱ መግቢያ የሚታጨድ ገብስ አይኖርም። እንዲህ ባለው ዓመት ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው የሚለያየውን ችግር አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የተሠራ የክፍያ ሰሌዳ ሊያውቀው አይችልም፤ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ሁለተኛውና የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ የሆነው፣ የጎረቤቱ ዕውቀትና ድካም ዋጋ እንደሌለው ተቆጥሮ መቅረቱ ነው። በወሎ ገጠር በክረምቱ ወራት ድሃውን ይዞ የሚያሻግረው ቅሬው፣ ማለትም እንደ እድር ያለው የመንደር መረዳጃ ማህበር ነው። የቅሬው ዳኛ የማን ጎተራ እንደተሟጠጠ፣ ማን በሬውን ሸጦ ሌላ እንዳልገዛ፣ የትኛዋ አራስ የገንፎ እህል እንዳጣች የሚያውቀው ያለ ጥናትና ያለ መጠይቅ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰባስበው ከመቃብር ቁፋሮ ባሻገር ጠብ ያስታርቃሉ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ያስጠልላሉ፣ ያለ ወላጅ የቀረን ልጅ ለዘመድ ያስረክባሉ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ከሚገኝበት ጥርጊያ ያደርሳሉ። መንግሥትም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ስብሰባ ሲጠራ፣ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር፣ የክትባት ዘመቻ ሲታወጅ፣ መልእክቱ በፍጥነት የሚደርሰው በቅሬ በኩል ነው። አገልግሎቱን እየተጠቀመ ወጪውን ግን አይጋራም።

ወጪው ምንድን ነው ለሚል ሰው የተለመደ ጉዳይ ልጥቀስ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ምልመላ ሲካሄድ «ከተማ የሚሠራ ልጅ አላቸው» ተብለው ከዝርዝሩ ወጡ እንበል። ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ለራሱም ያልሆነ። በአሠራሩ መሠረት የተመረጡት ስም በአደባባይ ይነበባል፤ ቅር ያለውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ካልረካ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ጉድለት አይወጣለትም። እኚህ እናት ግን ስሙ በተነበበበት ዕለት በሰው ቤት እንዝርት ሲያሾሩ ስለዋሉ አልሰሙም፤ ሲሰሙም ማመልከቻ መጻፍ አይችሉም። የወረዳው ከተማ ራፖር ጸሐፊ በነፃ አይጽፍም፤ ከደጋው ወርዶ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በእግር ነው፤ ከዚያ የመኪና ሒሳብ አለ፤ ኃላፊው ስብሰባ ከሄደ ደግሞ ሌላ ቀጠሮና ሌላ የመኪና ሒሳብ አለ። የሚያገኙት ድጋፍ በእርግጥ ይገኝ እንደሆነ ሳያውቁ፣ ያላቸውን አንዲት ዶሮ ሸጠው እንዲህ ያለ ጉዞ የማይጀምሩት ሒሳቡን ከማናችንም ባልተናነሰ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ መብታቸው ሳይነጠቅ፣ ማንም ክፉ ሳይሆንባቸው፣ እንዲያው ይቀራል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ አንድ የቅሬው ወጣት ወረቀትና ብዕር፣ የመኪና ሒሳብና ከሥራው ለሚቀርባቸው ቀናት ትንሽ ማካካሻ ቢሰጠው የእኚህን እናትና የመሰሎቻቸውን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ይጨርሰው ነበር።

ክፍያው በስልክና በባንክ በኩል መሆን ከጀመረባቸው ቦታዎችም ተመሳሳይ ነገር ይሰማል። አሠራሩ ገንዘብ ቆጥሮ ከማደል የተሻለና ለምዝበራ የጠበበ ስለሆነ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በመታወቂያው ላይ «ሰይድ»፣ በክፍያ ሰነዱ ላይ «ሰኢድ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳለት እስኪያገኝ ድረስ ገንዘቡን አያይም። ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው የመንግሥት ሠራተኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው፤ ሁለቱም በተመደቡበት ሥራ ላይ ሴፍቲኔቱ፣ ምዝገባው፣ መዋጮው፣ ዘመቻው ሁሉ ተደርቦባቸዋል። እነርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም።

መንግሥት ከማህበረሰቡ ጋር ወጪ ተጋርቶ መሥራት እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ሁለቱ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አቅም ያለው አባወራ ወይም እማወራ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፤ በመዋጮው ላይ የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ይጨምራል፤ መክፈል የማይችሉት ደግሞ በማህበረሰቡ ተለይተው መዋጯቸውን ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይሸፍናሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመንግሥት ገንዘብ የመጣው የሕዝቡን መዋጮ ለመተካት ሳይሆን በላዩ ለመደመር መሆኑ፣ የድሃውም ድርሻ በኃላፊ በጎ ፈቃድ ላይ ከመንጠልጠል ወጥቶ በበጀት መደብ ስም ያለው መሆኑ ነው። የተሁለደሬዋ ከተማ የሐይቅና የአካባቢዋ ገበሬ ከመታመሙ በፊት ገንዘብ ማዋጣትን የለመደው መንግሥት የድርሻውን በየዓመቱ እንደሚያስቀምጥ በማየቱ ነው ብዬ አምናለሁ። እርግጥ ነው ጉድለት አለበት። በነፃ የሚታቀፉት ድሆች ቁጥር የሚወሰነው በወረዳው ካዝና ልክ እንጂ በድህነቱ ልክ አይደለም፤ ካርድ ይዞ መድኃኒት ማጣትም ያለ ነው። እነዚህ ጉድለቶች ግን የገንዘብ ማነስ እንጂ የአሠራሩ ስህተት አይደሉም።

ተመሳሳይ አሠራር ለሌሎች የአካባቢ አገልግሎቶች እንዳይዘረጋ ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ሕጉ ራሱ ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሸክም ያነሣ ሕግ ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋምም ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ እድርን፣ እቁብንና እንዲህ ያሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም፤ ቅሬውም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ይህ የተደረገው ባህላዊ ተቋማትን በምዝገባና በሪፖርት ላለማስጨነቅ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባል፤ ውጤቱ ግን ድሃውን በስም የሚያውቀው ተቋም የመንግሥት ድጎማ ለመቀበል የሚያስችል ሕጋዊ ሰውነት የሌለው፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ደግሞ ቢሮው አዲስ አበባ ወይም ቢቀርብ ደሴ የሆነ ድርጅት እንዲሆን አድርጓል። ድርጅቶቹ የሚሠሩትን ሥራ ማቃለሌ አይደለም፤ ነገር ግን ፕሮጀክታቸው ሲያልቅ መኪናውም ባለሙያውም አብሮ ይሄዳል፣ ቅሬው ይቀራል።

ከዚሁ አዋጅ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ሊማሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቀድሞው ሕግ ዘመን ከአጠቃላይ ወጪው 30 በመቶ እንዳያልፍ የተገደበው የአስተዳደር ወጪ እንደ ጉዞና ሥልጠና ያሉትን የሥራው አካል የሆኑ ወጪዎች ጭምር የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ ገጠር ገብቶ የሚሠራ ድርጅት ባለሙያውን ወደ መንደር በላከ ቁጥር በጥፋት ይቆጠርበት ነበር። አዲሱ አዋጅ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከአስተዳደር ለይቶ አውጥቶታል። በመንግሥት በጀት በኩል ግን ያው የቀድሞው አስተሳሰብ አለ፤ ለመጋዘን ግንባታ የወጣ ገንዘብ ልማት ይባላል፣ ከመጋዘኑ ወደ ጎጡ ለሄደ ሰው የወጣ ገንዘብ ብክነት ይባላል። ኮምቦልቻ የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ከሚከማችባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከኮምቦልቻ መጋዘን እስከ በሽሎ ሸለቆ ዳር ባለ ጎጥ ውስጥ እስከምትኖር እማወራ ድረስ ያለው ርቀት ግን በእህል ብዛት ብቻ አይሞላም።

ለነገሩ ወሎ ይህን በጣም ውድ በሆነ ዋጋ ተምሯል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ የኢኮኖሚ ጠበብት ኋላ ላይ ያመለከቱት፣ ሕዝቡ ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረና እህል ከክፍለ ሀገሩ ይወጣም እንደነበር ነው፤ ገበሬው ያጣው መግዣውን ነበር፣ ጩኸቱን ለበላይ የሚያደርስለትም አልነበረም። በቅርቡ ያየነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው አልደረሰም በማለት በመላ አገሪቱ ሥርጭታቸውን ሲያቆሙ፣ የተቀጣው እህሉን የወሰደው ሳይሆን ሳይደርሰው የቀረው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በእርሱ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች በየቦታው ቆሙ። በሰው እጅ ያለ ገንዘብ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ እጁን ሊሰበስብ እንደሚችል ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። መንግሥት ያንን ሁሉ የሚተካ ሀብት እንደሌለው አውቃለሁ፤ እኔ የምጠይቀው እህሉን ሁሉ እንዲተካ ሳይሆን፣ ያለው እህልና ገንዘብ ለባለመብቱ መድረሱን የሚከታተለውን ሰው ወጪ እንዲሸፍን ነው። ይህ ከጠቅላላው አንጻር ሲታይ ጥቂት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በቀመር የሚከፋፈል ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው እንደየአካባቢያቸው ሁኔታ እንዲደለድሉት ሥልጣን አላቸው። ማንም እንደሚያውቀው አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ የወረዳ ምክር ቤት የሚከራከርበት ቀሪ ገንዘብ ብዙም አይደለም። ስለዚህ ለወረዳዎች «ከራሳችሁ አውጡ» ማለት ዋጋ የለውም። የክልሉ ምክር ቤት በጥቅል በጀቱ ላይ ለማህበረሰብ አገልግሎት ብቻ የሚውልና ወደ ደመወዝ ሊዛወር የማይችል የተለየ ድጎማ ቢያክል፣ መጠኑንም ቀበሌው በሚያዋጣው ልክ ቢያደርግ ከተሁለደሬው አሠራር ጋር ይቀራረባል። መዋጮ ስል ገንዘብ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የሰበሰቡት እህል፣ የሠሩት የጉልበት ቀን፣ ያቀረቡት በቅሎም በሒሳብ ሊያዝ ይገባል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ክብደት ያለው፣ የመንግሥት ገንዘብ ቅሬው ውስጥ ከገባ ቅሬው ይፈርሳል የሚለው ነው። የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ብዙ ስላዩ ነው። ቅሬ የሚከበረው ማንም ስላልሾመው ነው። ነገ የቅሬ ዳኛው የሚመረጠው በአስታራቂነቱ መሆኑ ቀርቶ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ባለው መግባባት ከሆነ፣ ድጎማው ያመጣው ጥቅም ካጠፋው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡ በቅሬው ሣጥን እንዲገባ አልመክርም። በየቀበሌው የማህበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረት የሚባል አደረጃጀት አለ፤ አቅመ ደካሞችን ከሕዝብ በሚሰበሰብ መዋጮ ለመርዳት የታሰበ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ግን የሚሰበሰበው አነስተኛ በመሆኑ ከስም ያለፈ ሥራ ለመሥራት ይቸገራል። ድጎማው በዚህ ጥምረት የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ ወጪውም ቅሬዎቹ በሚወክሏቸው ሰዎች፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ተወካዮች፣ እንዲሁም በቀበሌው ጣምራ ፊርማ ብቻ ቢወጣ፣ ቅሬው የሚያቀርበው የሠራውን ሥራና ያወጣውን ወጪ ይሆናል እንጂ ገንዘብ ያዥ አይሆንም። ከተወካዮቹ መካከል ሴቶች በቁጥር እንዲበዙ እሻለሁ፤ የማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ።

ሒሳቡ ደግሞ ሕዝብ በሚሰማበት ቦታ መነበብ አለበት። የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍበት አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል፤ ነገር ግን ከጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ከደጋ የመጣ ባለጉዳይ አያነበውም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው ምን ያህል እንደገባና ለምን እንደወጣ በቃል ቢነገር፣ በስንት ኦዲተር የማይገኝ ስህተት በዚያው ሰዓት ይታረማል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በግንቦትና በሰኔ የችኮላ ግዥና ሥልጠና እንደሚበዛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለድሃው ደግሞ ከሰኔ 30 ማግሥት የሚጀምሩት ሳምንታት ከዓመቱ ሁሉ የከፉት ናቸው፤ አዲሱ በጀት ተለቅቆ ቀበሌ እስኪደርስ ክረምቱ ይገባደዳል። ይህ ድጎማ ከአንድ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው እንዲሻገር፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በተከታታይ እንዲታወቅ ካልተደረገ፣ በክረምት የማይሠራ የክረምት ድጋፍ ይሆናል።

አካባቢያችን ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ዘንግቼው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶች ጠፍተዋል፤ ኮምቦልቻ የነበረ የእርዳታ እህልም ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ እንደልቡ የማይንቀሳቀስባቸው ቀበሌዎች አሉ። ይህ ግን ሐሳቤን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይመስለኝም፤ ሠራተኛው መድረስ ባልቻለበት ጊዜ ለአቅመ ደካማው የደረሰለት የሠፈሩ ሰው ነው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የክልሉን ፋይናንስ ቢሮና የምግብ ዋስትና ኃላፊዎችን ጋብዛችሁ፣ ለሴፍቲኔት ማስፈጸሚያ በየዓመቱ ከሚመደበው ገንዘብ ከወረዳ ከተማ አልፎ ቀበሌ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎችና ለማህበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረቶች ሥራ ማስኬጃ የሚውለው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁልን። ምላሹን በወረዳ በወረዳ ዘርዝራችሁ ብታትሙት፣ ምክር ቤቱ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት እኛም የየወረዳችንን ተመራጮች የምንጠይቅበት ቁጥር ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ወሎ